የደጃፌ ድንጋይ

ከፒያሳ እስከ ግንቡ፣ ከግንቡ እስከ ፒያሳ፣
አሥራ ሰባት ዓመት ስወድቅ ስነሣ፣
ባጃጄ ስታስል፣ ዳገቱ ሲከብዳት፣
ከጃንተከል ዋርካ ጥላው ሥር አቁሜያት
እንግዳ አራግፋለሁ።
መልስ ቆጥሬ ሰጥቼ፣ ሞተሩ ሳይበርድ
ደግሞ ሌላ ፍለጋ፣ ደግሞ ወደ መንገድ።
በሩን አውቀዋለሁ፤ ከበሩ ወዲያ ግን
አንድም ቀን አልዘለቅሁ።
የጎረቤትን ቤት በቲኬት ማን ያያል?
ግንብ እንደሁ ግንብ ነው፤ ነገም እዚያው ይውላል።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ተሳፋሪ
መነጽር ረስታ፣ ወርቅማ ጠርዝ ያለው፣
ወደ በሩ ሮጥሁ።
"አዛናው ነው ይዟት የገባው" አለ ጥበቃው፤
እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ለቲኬቱ፣
"ተው፣ አንተማ የሰፈር ሰው!"
ገባሁ፣ በስንት ዓመቱ።

ሣሩ ታጭዷል። ግቢው ዝም ብሏል።
የከተማው ጩኸት፣ ጥሩንባው፣ ጭቅጭቁ፣
እንደ ውሃ ወርዶ ከቅጥሩ ሥር ቀረ፤
ቁራ ብቻ አለ፣
ከሰገነት ሰገነት እየተሻገረ።

አዛናውን አገኘሁት ጣሪያ ከሌለው ቤት፣
ዙሪያውን ሰው ከቦት።
የሚያወራው ለነሱ ነው፤ እኔ ግን ቆምኩለት።
"ይህ የኢያሱ ቤት ነው" አለ፤ "ከውስጥ በኩል
የዝሆን ጥርስ፣ መስተዋት፣ ወርቅ ነበር ይባላል።"
አንጋጥጬ ባይ ደመና ብቻ አለ፣
ነጠላ ደመና፣ ባዘቶ የመሰለ።
"መጀመሪያ መሬት ተንቀጠቀጠችበት፤
ኋላ ንጉሥ ጠፋ፣ ሎሌው ተበተነበት፤
እሳትም መጣበት፤
ጣልያን ቢሮ አረገው፤ እንግሊዝ ከሰማይ
ቦምብ ጣለ በጣልያን፣ ያረፈው ግን እዚህ ላይ።"
እንዲህ ሲል ሳቅ አለ፤ ስንቴ ደጋግሞት
ቀልዱ አፉ ላይ አርጅቶበት።

"ድንጋዩስ?" አልኩት፣ እንግዶቹ ዘወር ሲሉ።
"የቱ ድንጋይ?"
"የወደቀው። የት ገባ፣ ይኸ ሁሉ?"

ከላይ እስከ ታች አየኝ።
"ከፊሉ እዚሁ ነው። ከፊሉን ከተማው፣
ሽማግሎች እንደሚሉት፣ ተሸክሞ ወሰደው።
ሰው ቤት መሥራት አለበት።
ባለቤት የሌለው፣ አምሮ ተጠርቦ፣
ሜዳ ላይ ተከምሮ፣ ማን ያልፈዋል ታዝቦ?"

ከዚያ አሳየኝ የመስኮቱን ቅስት፤
ቀይ ድንጋይ፣ ጠጅ ሳር ላይ እንደ ፈሰሰ ወይን፣
የጠራቢው መዶሻ የተወበት ምልክት
ድርብርብ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት።
እጄን ሰደድኩበት።
እጄ ቀድሞኝ አወቀው።

ቀሃ ማዶ፣ ቤቴ፣ ከደጃፌ መድረክ ላይ
አባቴ ያኖረው፣ እኔ ያደግኩበት፣
ቀይ፣ ጠርዙ የተጠረበ፣
ከጎኑ ድንጋይ ጋር መልኩ የማይገጥም፤
"ከየት አመጣኸው?" ብዬው አላውቅም፤
እሱም አልነገረኝም።
ጭቃ አራግፌበታለሁ፤ ፊደል ቆጥሬበታለሁ፤
ሚስቴ ስንዱ ቢላ ትስልበታለች፣ በዓል ሲደርስ፤
ጥርሴ የተሰበረው እሱ ላይ ነው፣ ስሮጥ፣ በስድስት ዓመቴ።
ለካ አለመግባቴ አይደለም፤
ከዚያ ቤት ወጥቼ አላውቅም በሕይወቴ።

ማታ ለስንዱ ነገርኳት። ባትሪ አብርተን አየነው።
ተንበርክካ ዳሰሰች፣ ቢላዋ ያጎደጎደውን።
"እንመልሰው ይሆን?" አልኩ።
"ለማን?" አለች።
መልስ አጣሁ።
"እዚያ ጣሪያ የለው፤ እዚህ ክፈፍ አለው፤
ዝናብም አይመታው" ብላኝ ገባች።

እኔ ግን ያን ሌሊት
እግሬን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ተኛ ሕፃን፣
ቀስ ብዬ ተሻገርኩት።
ጠዋት ረፍዶብኝ፣ ቁልፍ ጠፍቶብኝ፣
እየሮጥኩ ረገጥኩት።

ዋርካው ሥር ደርሼ፣
መልስ ልሰጥ እጄን ኪሴ ብከተው፣
መነጽሩ እዚያው ነው።
ለካ አልሰጠኋትም።