የመጨረሻዋ ስንዝር

ከጉዶ በረት ላይ ነፋሱ ሲነሣ፣
አያግደው ዳገት፣ አይዘው በሬሳ፤
ደብረ ብርሃን ገብቶ በር ለበር ሲዞር፣
እንደ ሰው አያንኳኳም፣ «ቤቶች!» አይል ከበር።
መዝጊያውን ነጥቆ ከመቃን ያጋጫል፤
መስተዋት ይሰብራል፣ ሕፃን ያስለቅሳል፤
ሲነጋ ለእኔ ቢጤው ሥራ ይሰጣል።

የዛገውን ብሎን በናፍጣ አርሼ፣
እንዳኮረፈ ልጅ ቀስ ብዬ ደባብሼ፣
ማጠፊያ አቀናለሁ፤
መሳቢያ ሲነክስ ሐዲዱን በሻማ
እቀባዋለሁ፤ ይሄዳል ሳይሰማ።

ባለፈው ጥቅምት ግን አንዲት ሴት መጣች፤
ሸዋ ሮቢት ነዋሪ፣ ሽንኩርት ትነግዳለች።
«ያባት የናቴ ቤት ጠባሴ ነው» አለች፤
«በሩን ዝም አሰኝልኝ፤ ዋጋ አልከራከርም፤
መጥቼ ባደርኩ ቁጥር ጆሮዬ አልቻለም።»

ሄድኩኝ። አቶ እንግዳወርቅ መስኮት ሥር፣ በጋቢ፤
ወይዘሮ ሸዋረጋ ጓዳ፣ ፊታቸው ወደ ግቢ።
ዘጠኝ ዓመታቸው ቃል ካልተለዋወጡ፤
በአንድ በር ገቡ፣ በአንድ በር ወጡ።
ጎረቤት «በበግ ነው» ይላል፤ ሌላው «በርስት»፤
እኔ ብሎን ፈቺ ነኝ፤ ነገር አልፈታም በሰው ቤት።

ዝም ግን አላሉም። በር ነው አንደበታቸው፦
ከጓዳ «ጧ!» ሲል፣ ምሳ ደርሷል፤
ከሳሎን «ድው!» ሲል፣ ጨው በዝቶታል፤
መሳቢያው ሁለቴ ተስቦ ሲገፋ፣
መድኃኒቴ የታል?
የግቢው ቆርቆሮ ማታ ሲላተም ግን
ረዥም፣ የከረመ፣ የማይተረጎም ስድብ፤
ውሻው እንኳ ገብቶት ጅራቱን የሚሰበስብ።

ክንዱን ሰቀልኩለት። ብረት ነው፣ ሆደ ዘይት፤
ውስጡ ሞላ አለው፣ የተጠቀለለ ትዕግሥት።
ሁለት ብሎን አለው፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ዐይን፤
አንዱ ይገዛለታል የበሩን ጉዞ፣
ከግድግዳ ሲነሣ ልጓሙን ይዞ፤
ሁለተኛው ብሎን የመጨረሻዋን ስንዝር።
እዚያች ስንዝር ላይ ነው ሙያ የሚለየው፦
ሲያጠብቁት በሩ ከመቃኑ ደጅ
እንደ ባለ ዕዳ ይቅለሰለሳል እንጂ
አይገባም፤
ሲያላሉት ያው ድሮ፣ ያው ጧ!፣ ያው ቁጣ።
ሩብ ዙር ወደ ቀኝ። ቆየሁ። ግማሽ ሩብ መልሼ።
ምላሷ ገባች፣ ማረፊያዋን አገኘች፣
እንደ አንድ ጥሩ እንግዳ ሳትሰማ ተቀመጠች።
የመሳቢያውን ሐዲድ፣ የግቢውን በር
በየተራ አለዘብኩ። ሲመሽ ጨርሼ ነበር።
ባልም ሚስትም አዩኝ፤
እንደ ሌባ።

በሳምንቱ ማታ፣ ውርጩ ሣር ላይ ሲቆም፣
የቀረኝን ሂሳብ ልቀበል ሄድኩኝ
ሁለት መቶ ብር።
ልጠራ አፌን ስከፍት ከውስጥ አንድ ድምፅ መጣ፣
የዛገ፣ ናፍጣ ያልነካው፣ በጭንቅ የወጣ፦

«ዘጋሽው?»

ማንም አልመለሰ።

«ብርድ ይገባል። ዘጋሽው ወይ? አልሰማሁም እኮ።»

ከጓዳ፣ ከሩቅ፣ ከዘጠኝ ዓመት ወዲያ፦

«ዘግቼዋለሁ።»

ትንሽ ቆየና ደግሞ፦
«አንተስ መሳቢያውን?»
«እ?»
«መሳቢያውን! መድኃኒቱን አይጥ እንዳይነካው።»
«አላውቅም። ድምፅ የለውም። መጥተሽ እዪው።»

ነጠላ ጫማ ሰማሁ፣ ወለሉን ሲሻገር።
ሞላው ዝም ባለበት ቤቱ ሞላ።
አልተጣራሁም። እጄን ከበሩ መለስኩ፤
ሁለት መቶ ብሬ እስካሁን እዚያው ነው።

የእኔን ቤት በር ግን አትጠይቁኝ።
በሽቦ ነው።
ማታ ስገባ ሦስቴ እጠመዝዘዋለሁ፣
ጧት ጣቴን እየወጋኝ እፈታዋለሁ፣
ነፋሱም ያውቀዋል፤ ሌሊት ሌሊት መጥቶ ይነካካዋል።
ዛሬ ነገ እላለሁ፤
ማጠፊያው ተገዝቷል፣ መቃኑም ተላግቷል፤
የቀረው እኮ
የአንድ ስንዝር ሥራ ነው።