ሁለት ሰከንድ

አጎቴ ኤልፊዶ፣ የሞራ ሸለቆ ሰው፣
የሃምሳ ሰባት ምርት ፒክአፑን ከሣር ውስጥ ጎትቶ አወጣው።
አባቱ የገዛው፣ አልፋልፋ የጫነ፣
ፖም የጫነ፣ የማገዶ ጥድ የጫነ፣
በረዶ መንገድ በዘጋ ሌሊት
እናቴ በሆዷ ሳለች አያቴን የጫነ፤
ሞተሩ ግን ደርቆ፣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር
አንድ ሥጋ የሆነ።

ከአልበከርኪ፣ ከተገለበጠ መኪና ደረት
ሌላ ሞተር አስነቅሎ መጣ፤ ስምንት ሲሊንደር፣ ሙሉ ጉልበት።
«ልቡን ብቻ ስጠኝ» ብሎት ነበር ሻጩን፤
ሻጩ «ያለ አንጎሉ አይመታም» ብሎ አሸከመው ሳጥኑን፣
ከሳጥኑም ጋር ያን ሁሉ ሽቦውን።

እራት በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት፤
ቡኒ ባለ ነጭ መስመር፣ አረንጓዴ ባለ ጥቁር፣
አንዱ ለአየር ከረጢት፣ አንዱ ለበር መብራት፣
አንዱ ለማላውቀው ምሥጢር።
የፋብሪካውን ቴፕ በምላጭ ሰነጠቅኩ፣
የሚሆነውን ከማይሆነው እንደ ምስር ለቀምኩ።
ሦስት ሳምንት።
አጎቴ ቆሞ በላ፣ ሳህኑን በእጁ ይዞ፤
«ለአባቴ ሁለት ሽቦ በቅቶት ነበር፣
አንዱ ለመብራት፣ አንዱ ለጥሩንባ» እያለ፣ ተክዞ።

አዲሷ ፔዳል ገመድ የላትም፤
እግር ሲጫናት ለሳጥኑ ትናገራለች እንጂ ምንም አትስብም።
«ታዲያ ይሄ ልመና ነው» አለ፣ «ለነዳጅ ደጅ መጥናት!»
ቢሆንም ከአሮጌው ወለል ጋር በሁለት ብሎን ገጠምናት።

ኮምፒውተሩ ጠያቂ ነው፤ አዲስ ምራት የገባችበት አማት ይመስላል።
«አውቶማቲክ ካምቢዮዬ የት ሄደ?» ይላል፤
«የኋላው ሴንሰርስ? የታንኩ ግፊት?
መቀመጫው ላይ ማን ተቀምጧል?»
እኛ ያለን በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን፣
በገመድ የሚታሰር በር፤
መቀመጫው ላይም ውሻው ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ቁልፉን አዞረ።
ሞተሪኖው ጮኸ፣ ካንዴላው ብልጭ አለ፣ ጋራዡ ተንቀጠቀጠ፤
አንድ፣
ሁለት፣
ቀጥ።
ደግሞ አዞረ። አንድ። ሁለት። ቀጥ።

ነዳጅ አልጎደለው፣ ብልጭታ አልጎደለው፤
እኩለ ሌሊት ላይ ነው የገባኝ፤ ሳጥኑ ቁልፋችንን አላወቀው፤
«ሌባ!» ብሎ ነው ጉሮሮውን የሚያንቀው።

ይህን ስነግረው አጎቴ ሳቀ፤
በአባቱ መኪና፣ በገዛ ግቢው፣ ሌባ ተብሎ ሳቀ፤
ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ «የዚያኛውስ ሰው» አለኝ፣
«የእሱስ ቁልፍ የት ወደቀ?»

ላፕቶፑን ሰካሁ። መድኃኒቱ ማስረሳት ነው፤
የድሮውን ሁሉ ሰርዞ እንደ አዲስ መጻፍ።
ልሰርዝ ስል አንድ ገጽ ብቅ አለ በስክሪኑ ጫፍ፦
የመጨረሻዋ ቅጽበት።
ፍጥነት፦ ሰባ አንድ ማይል።
የነዳጅ ፔዳል፦ ዜሮ። ፍሬን፦ ተረግጧል።
የሞተር ሙቀት፦ ደህና።
ስም አይጽፍም።
ወንድ ይሁን ሴት፣ ይትረፍ ይሙት፣ አይልም።

«ቆይ» አለኝ አጎቴ።
ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ፣
ኮፈኑን ከፍቶ፣ የብረቱን ሆድ
በአውራ ጣቱ ከዝገት ጠረገ፣
ሰባ አንድ ብሎ ጻፈ፤
ከሥሩም፦ «ፍሬን ይዞ ነበር።»
«አሁን አጥፊው።»

አጠፋሁት።

ሞተሩ ሦስተኛዋን ሰከንድ ተሻገረ፣
አራተኛዋን። ውሻው ወርዶ ሮጠ፣ ከጣሪያው አቧራ ረገፈ፤
አጎቴ በከንፈሩ ይቆጥር ነበር፤ መቶ ላይ ሲደርስ ተወው፣ አረፈ።

የድሮው የነዳጅ መለኪያ ግን የአዲሱን ቋንቋ አይሰማም፤
ሲሞላ ባዶ፣ ሲያልቅ ሙሉ ነኝ ይላል፣ አያፍርም።
ላስተካክለው ብል «ተዪው፣ ውሸቱን ለምጄዋለሁ» አለኝ።

አሁን ወደ መስኖው ቁልቁል ሲወርድ ከአርባ አያልፍም፤
እግሩም ከፍሬኑ አይርቅም።