የእጅ ባትሪ

ከጀህራ ወዲያ፣ በሽቦ የታጠረ
ባዶ መሬት አለ፤ ዘበኛው እኔ ነኝ፣
ሁለት ዓመቴ ነው አሸዋ ስጠብቅ
ንፋስ እንዳይሰርቀኝ።

የባትሪ ጎተራ ይቆምበታል ሲሉ፣
የቀን ፀሐይ ታጭዳ ለሌት የምትከተት፣
የጨረታውን ቀን በሩ ላይ ለጠፉ
በአንዲት ወረቀት።

ሦስቴ ሙጫ ይዞ መጣ አቡ ጀራህ፤
ታኅሣሥን በመጋቢት፣
መጋቢትን በሰኔ፣
ሰኔን ደግሞ በጥቅምት ሸፈነው።
«ተራዘመ» አለኝ፣ «ተጫራቾች ጥያቄ አበዙ፣
ፖስታው ገና አልተከፈተም።»
ዓይኔን ሸሽቶ ሄደ። አልፈርድበትም፣
እሱ ሙጫ ያዥ ነው።

ፀሐይዋ ግን ቀን አታራዝም፤
ማልዳ ትመጣለች ማስከበሪያ ሳታስይዝ፣
ዋጋዋን ታቀርባለች፦ ዜሮ፤
ማሸነፏን ሳትሰማ ትጠልቃለች።

ትናንት ማታ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ፣
መብራት በየተራ ሲጠፋ በሰፈሩ፣
ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት
ሕፃኗን ታቅፋ መኪና ውስጥ ገባች፤
ሞተሩን አስነስታ እስኪነጋ ተቀመጠች፣
ቤንዚን አቃጥላ ልጇን ልታቀዘቅዝ።

እኔም ልዞር ወጣሁ።
በዚህ ሁሉ ግቢ፣ ከአጥር እስከ አጥር፣
ያለው ባትሪ አንድ ነው፣ በእጄ የያዝኩት፤
እሱም መታ መታ ካላደረጉት
እምቢ ይላል።