የወለሉ ነገር

ከአራት ኪሎ ፊዚክስ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መብራቱ ጠፋና ግራፌን ሳላይ፣
ላፕቶፔን ታቅፌ፣ ባትሪው እንዳለቀ፣
ጫማዬ ድልድዩ ላይ ጭቃ እንዳጠለቀ፣
ገባሁ ጋሽ ልሳኑ ጋ፤ ሰዓት ሠሪ ናቸው፤
በቀይ ቀለም ተጽፎ ከበር መቃናቸው
«ይፈርሳል» ይላል። ስንት ቀን ቀራቸው?

«ዝናቡ እስኪያባራ» ብለው ወንበር ሳቡ።
አርባ ሃምሳ ሰዓት ዙሪያችንን ከበቡ፤
አንዱ ሁለት ሲል ሌላው ስምንት ይላል፣
አንዱ ይንተባተባል፣ አንዱ ይቸኩላል፣
ዘንጉ የወለቀው ዝም ብሎ ይምላል።

አጉሊ መነጽሩን ካይናቸው ሳይነቅሉ
«ለመሆኑ ትምህርትሽ ምንድን ነው?» ቢሉ፣
ነገርኳቸው፦

ሁለት ጥቁር ጉድጓድ፣ ከፀሐይ ቢሊዮን ጊዜ የከበዱ፣
እየተዟዟሩ አንድ ወደ መሆን ሲሄዱ፣
ሕዋውን እንደ አንሶላ ይዘው ሲያራግፉት፤
ሌሎችም፣ ሌሎችም፣ በየጋላክሲው ሆድ ሲገፉት፣
ሞገድ በሞገድ ላይ ተደርቦ፣ የማን እንደሆነ ጠፍቶ፣
እንደ ቸርችል ጎዳና የስድስት ሰዓት ሁካታ ተውጦ፣ ተምታቶ፣
ሰማዩን ሁሉ ሞልቶ።

«ታዲያ በምን ይሰማል?»
«በሰዓት» አልኳቸው።
ያን ጊዜ ቀና አሉ።

«ሞቶም የሚሽከረከር ኮከብ አለ፤ ፐልሳር ይሉታል፤
በሴኮንድ ሁለት መቶ ጊዜ፣ ሳይታክት ይመታል።
ስልሳ አንዱን መርጠን አሥራ ሁለት ዓመት ቆጥረናል
(ቆጣሪዎቹ ባሕር ማዶ ናቸው፤ ለእኔ ቁጥሩ ይላክልኛል፣
ኢንተርኔት ሲኖር)።
ሞገድ ሲያልፍ ምታቸው ቅንጣት ታህል ይዛነፋል።
ግን እያንዳንዱ የየራሱ አመል አለው፤
አንዱ ይደክመዋል፣ ሌላውን ጋዝ መንገድ ላይ ያቆየዋል።
ሞገዱ የቱ ነው? ስንፍናውስ? ማንን ልመነው?»

ሳቁ ጋሽ ልሳኑ። ወረንጧቸውን አኖሩ።
«ልጄ፣ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ሕመሙ የራሱ ነው፤
ከፍቼ፣ ጥርሱን አይቼ፣ ዘይት የማቀምሰው።
ሁሉም ባንዴ ቢስቱ ግን አንዱንም አልነካ፤
ተንበርክኬ ወለሉን ነው በመዳፌ የምለካ።»

አፋቸውን ሳይገጥሙ፣ ማዶ ያለው ዶዘር
አሮጌ ግንብ ገፋ፤ ተናጋ ሰፈር።
ሃምሳው ሰዓት ባንዴ ትንፋሹን ዋጠ፤
ብሎን ከጠረጴዛው ዘሎ ፈረጠጠ፤
ፊት ለፊት የተሰቀሉት እኩል ሲያመነቱ፣
የጎን ግድግዳዎቹ በግልባጩ ሲመቱ፣
አየሁ። የስድስት ወር ቀመሬን፣ ያቺን ኩርባ፣
እዚያች ሱቅ ውስጥ፣ ሲሚንቶ አይኔ እየገባ።

አሁን እዚያ ቦታ ቆርቆሮ አጥር ነው።
ጋሽ ልሳኑ የት እንደገቡ የሚያውቅ አላገኘሁም፤
ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም።
ግራፌም ገና ነው፤ ኩርባው ይታያል፣ ደግሞ ይጠፋል።
«እርግጠኛ ነሽ?» ይለኛል አማካሪዬ።
አይደለሁም።

ትናንት ግን ሳልፍ፣ አጥሩ ሥር ተንበርክኬ
መዳፌን አስፋልቱ ላይ አሳረፍኩ።
መኪና ጠባቂው መጣ። «ወርቅ ጣልሽ እንዴ?»
(ፒያሳ ነውና፣ ሌላ ምን ይጠየቃል።)
«የለም፣ ወለሉን ነው» አልኩት።

ዝም ብሎ ቆየ።
ከዚያ አንድ እግሩን፣ ቀስ አድርጎ፣
ከመሬት ትንሽ አነሳ።