በር የሌለው ጎጆ

— እንቆቅልህ?
— ምን አውቅልህ!
— በር የሌለው ጎጆ፣ መስኮቱ እልፍ የሆነ፤
ግድግዳው ውሃ ነው፣ በሣር የተከደነ።

እንቁላል አትበለኝ። እንቁላል አይደለም።
አቃተህ? አገር ስጠኝ፤ አላስጨንቅህም።
ኖርዌይን ሰጠኸኝ? ይሁን፣ ተቀበልኩህ፤
ኖርዌይ ላይ ገብቼ ምን አጥቼ ልንገርህ፦

በፍሮያ ደሴት ጥግ፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ኦድቫር በመርከቡ ማዕበሉን ሲወጋ፣
የባሕሩን ሣር በመንጠቆ ይጎትታል፤
ረጅም፣ ቡናማ፣ እንደ ጠፍር፣ ያሟልጫል።
እጁን የሰነጠቀው ጨው ነው የሚያውቀው፤
«ናፍጣው ስንት ፈጀ?» ነው የሚያሳስበው።
ሙልጭልጩ ሣር ግን፣ ተፈጭቶ ተጣርቶ፣
ዱቄት ሆኖ አድሯል ትሮንድሄም ገብቶ።

ከሌሊቱ ስምንት። ሱኒቫ ጓንት አጥልቃ፣
ዱቄቱን እንደ አጥሚት በጥብጣ፣ ጠብቃ።
ባለቤቱ ሲሞት መርዶውን ያልሰማ፣
የቆሽት ሕዋስ ገብቶ ከሙጫው ተስማማ።

ጠብ።
ጠብ።
ከቀጭን መርፌ ጫፍ ወደ ካልሲየም ገንዳ፤
ይረጋል እንደ እርጎ፣ ሕዋሱ ሳይጎዳ።

የመጀመሪያው ዙር ከሸፈ። አየሩ በዝቶበት
ጭራ አበቀለ ሁሉም፣ የእንቁራሪት እጭ ኩሬ ውስጥ እንደሚርበተበት።
ደፋችው። ምንም አላለች።
ደገመች።

እኛ «ቆሽቴ አረረ» ብንል ለንዴት ነው፤
የኤልድቢዮርግ ቆሽት ግን በእውነት ያረረ ነው።
የገዛ ደሟ ዘብ፣ ጠላት መስሎት፣ ስቶ፣
በአሥራ አንድ ዓመቷ አቃጠለው ገብቶ።
አሁን ከመሻገሪያ ጀልባ ትኬት ትቆርጣለች፤
ስኳሯ ድንገት ወርዶ ሁለቴ ወድቃለች።

ኳሶቹ በመርፌ ከሆዷ ሲገቡ፣
ይመጣል እንደ ልማዱ፣ ይመጣል ያ ዘቡ፤
ይዳስሳል፣ ያሸታል። በሩ የታል? በር የለም።
ሣር ነው፣ የባሕር ሣር፤ ከሣር ጋር ጠብ የለም።
አየሩ በመስኮት፣ ስኳሩም በመስኮት፤
ኢንሱሊን ይወጣል መዝጊያ ሳይከፈት።

ሐሳቡ ይህ ነው።
ግን ዘቡ አንዳንዴ፣ መግባት ቢያቅተው፣ ይከባል፤
ግድግዳውን በጠባሳ ይለስናል፣
መስኮት በመስኮት ይደፍናል፤
ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ታፍኖ ይቀራል።
ሱኒቫ አይታዋለች፣ በአይጥ ላይ፣ በመጋቢት፤
ያን ሳምንት ቤቷ ሄዳ ስልክ አላነሳችም፣ ለእናቷም እንኳ።

ሊነጋ ነው። በማይክሮስኮፑ ሥር
አረንጓዴው ሕያው፣ ቀዩ ሟች፤ ጀመረች መቁጠር።
ዘጠና አንድ አረንጓዴ።
ዘጠኙን ቀይም ጻፈች፤ እስክሪብቶዋ ትንሽ ቆም ብሎ።

ኦድቫር ናፍጣ ይቀዳል። ኤልድቢዮርግ
የመጀመሪያዋን ጀልባ ተሳፋሪ ትቆጥራለች፣ ኪሷ ውስጥ ሁለት ከረሜላ።

መልሱን አወቅህ፤ አገርህን እንካ።
እኔ ግን አንዲት እንቆቅልሽ ቀርታኛለች፦
ሌሊቱን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ካለው፣
ጠብ የሚል ነገር ይኖር ይሆን?

ምን አውቅልህ።