የጥንቷ ማሴ ግን

ፍኖተ ሰላም ነኝ፣ ከመናኸሪያው ጓሮ፣
ወንበር እሰፋለሁ ጠባብ ቤት፣ ቆርቆሮ፤
ባጃጅና አይሱዙ፣ የሙሽሮች ሶፋ፣
ደጄ ይጣላሉ ስፖንጁ ሲከፋ።

በገበያ ማግስት፣ ገና ሱቅ ስከፍት፣
አንድ ጎልማሳ ሰው፣ ይበልጣል አንሙት፣
በጋሪ አምጥቶ አንድ ወንበር ጣለ፤
«እንደ ጥንቱ አርገሽ አልብሺልኝ» አለ።
«ማሴ ፈርጉሰን ናት፣ ያባቴ ትራክተር፣
ሃያ ዓመት ቆማ ዶሮ ሲያድርባት የነበር፤
ሞተሯ ተነሣ፣ ጎማ ተገዛላት፣
የቀራት ወንበር ነው፣ የጥንቱ ይምጣላት።»

«ጥንቱ ምን ነበረ?»
«ቀይ ሌዘር» አለኝ፤
ቆይቶ ደግሞ «ጥቁር ሳይሆን አይቀርም መሰለኝ።»
ለእናቱ ደወለ። «አረንጓዴ» አለች።
አንዲት ወንበር ባንድ ቤት ሦስት መልክ አወጣች።

ሙያ ያስተማረኝ ኮርቻ ሰፊው ጓዴ፣
ብር ሸለቆ እርሻ ጋራዥ ሠርቶ ነበር፤ ይለኝ ነበር አንዳንዴ፦
«ጨርቁን አትስሚው፣ ጨርቅ ሐሰት ያወራል፣
ጌታው በተቀየረ ቁጥር ልብሱን ይቀይራል፤
ብረቱን ጠይቂ፣ የብሎኑን ቀዳዳ፣
እሱ አይቀያየርም ለዘመድ ለባዳ።
ቤላሩስ ከሆነ፣ ጥምዝ ሞላ ከስሩ፣
ጥቁር ሌዘር ለብሶ፣ ወፍራም ነው ከንፈሩ፤
ፊያት ከሆነች ግን ጠርዟ ገመድ አለው፣
ስፌቱ እንደ ትልም ቀጥ ብሎ የወረደው፤
የጥንቷ ማሴ ግን...»
እዚህ ላይ ሲደርስ ሁሌ ሰው ይጠራዋል፣
ወይ ሳሉ ይነሣል፣ ወይ ክሩ ያልቅበታል።

ሳይጨርሰው ሞተ።

መቀሴን አነሣሁ።
ከላይ ማዳበሪያ፣ በሲባጎ የታሰረ፣
«ዩሪያ» ከሚለው ላይ «ዩ» ብቻ የቀረ፤
ከስሩ የበግ አጎዛ፣ ፀጉሩ ያለቀ፣
ናፍታ የጠጣ፣ እንደ ጣውላ የደረቀ፤
ቀጥሎ ሰማያዊ የአውቶብስ ሌዘር ሲወጣ፣
«አስካል ትመጫለሽ?» ይላል፤ በእስክርቢቶ፣ በቁጣ።
መልስ አልተጻፈም።
ከዚያ ጥቁር ሌዘር። ይበልጣል ዘለለ፣
«ይኸው! አላልኩሽም? ይኸው ጥንቱ!» አለ።

የሌዘሩን ጠርዝ ቀስ ብዬ ገለጥኩት፣
ክሩን በጣቴ ዳበስኩት፣ አወቅኩት።
ሁለት ወደፊት ወግቶ አንድ የሚመለስ፣
የኮርቻ ስፌት፣ በሰም የታሸ፣ የማይበጠስ፤
እንዲህ የሚቋጭ ሰው ካገሩ አንድ ነበር፤
ጓዴ ነው። ይሄ ነበር የሚያስለው ነገር።

ሌዘሩ ሲነሣ፣ ብረት። ራቁቱን ነው።
እንደ ጣባ ጎድጓዳ፣ የጭን ቅርጽ ያለው፣
ክብ ክብ ቀዳዳ መሐሉ የተበሳው።
ዙሪያውን ዳሰስኩት፤ ልብስ የሚይዝ ብሎን፣
የሚስማር ጠባሳ የለውም አንድ እንኳን፤
ጓዴም የሰፋውን ከስር በሽቦ ነው የጠለፈው።
«ልብስ አልነበረውም።»
«ከፋብሪካም?»
«ከፋብሪካም።»
ዝም አለ።

ቀኙ ጎን ግራጫ ነው፣ ቀለሙ ዛሬም አለ፤
ግራው ግን ተልጦ፣ ሳስቶ፣ እንደ ሳንቲም ያበራል።
ይበልጣል እጁን አሳረፈበት።
«አባቴ ሲያርስ በቀኝ ትከሻው ዞሮ ማረሻውን ያያል፤
ቤትም ሲቀመጥ እንዲሁ በግራው ያጋድላል፤
ዕድር ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣
ሰው ወገቡን የሚያመው ይመስለዋል።»

«አሁን ምን ላርግልህ? ልስፋው ወይስ ልተው?»
«ይቀዘቅዛል እኮ።»
«ለዚያ ነዋ ማዳበሪያው።»

ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ሳይናገር ጣለ፣
ወንበሩ ደጅ ላይ ነው፣ ጎድጓዳው ውሃ አዘለ፤
አፍታም አልቆየ፤ በቀዳዳው ሾልኮ ፈሰሰ፣
ከስሩ ጭቃው ላይ ክብ ክብ ጉድጓድ ማሰ።
ሁለታችንም ቆመን አየን።

ለመፍታት ዋጋ የለኝም፣ ያለኝ የመስፋት ነው፤
ይበልጣል ወንበሩን በጋሪ ጭኖ፣ እያንጠባጠበ ወሰደው።
ጥቁሩ ሌዘር ቀረ፤ አውጥቼ አልጣልኩትም፣
በርጩማዬ ላይ ነው፤ ስፌቱን አልነካሁትም።