ደቻቱ ደርቆ ሳለ

ከዚራ ሆቴል ውስጥ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
መጋረጃው ዝግ ነው፤ ውጭ አናት ይበሳል የሚያዝያ ፀሐይ።
ሃያ ሰባት ኃላፊ፣ ሃያ ሰባት ውሃ፣
ይመስል ነበረ የጋራ ንስሐ።
ማቀዝቀዣው አርጅቶ፣ ከግድግዳ ተሰቅሎ፣
ጠብ ጠብ ይል ነበር፣ ባልዲ ከሥሩ ውሎ።

አሠልጣኟ ቆመች፣ ወይዘሮ ዘርፌሽዋል፤
«ሥነ ምግባር» አለች፣ «ከፊርማ ይቀድማል።»
ጻፍነው በየደብተሩ፣ አሰመርንበት፤
የመብራት ኃይሉ ሰው በቀይ ደገመበት።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ አንድ ወረቀት ዞረ፣
የሦስት ቀን አበል ተሞልቶበት ነበረ።
ሥልጠናው ግን ሁለት ቀን፣ ነገ መዝጊያችን ነው፤
አንዱን ሳቅ አመለጠው፣ በሳል ሸፈነው።
እኔም ፈረምኩ። እጄ ነው የለመደው።

ከሰዓት በኋላ በቡድን ከፈለችን፤
«አንድ ድልድይ አለ» ብላ ጀመረችልን፣
«አንድ ባለሙያ አለ፣ ‹ይሰበራል› ያለ፣
‹ይመረቅ› የሚል ደግሞ አንድ አለቃ አለ።
ምን ታደርጋላችሁ?»
                    ወይ የሰው ልጅ መላ!
እጅ በየወንበሩ፣ አዳራሹ ሞላ።
«ባለሙያው ይሰማ!» «ይታገድ ምረቃው!»
«የሕዝብ ደኅንነት ይቅደም!» የኔ ድምፅ ነው ጠንካራው።
ተጨበጨበልኝ።

ቦርሳዬ ከወንበሩ ሥር፣ እግሬን ተደግፎ፣
የረምላ ወረቀት በውስጡ ተጣጥፎ።
መጣል ያቃተኝ፣ ማንበብም ያቃተኝ።

ረምላ የቤተ ሙከራ ባለሙያ ነች፤
ድንጋይ ነው እንጂ ሰው አትጠይቅም።
ከደቻቱ ግንብ ላይ ዘጠኝ ናሙና ቆርጣ፣
ከመጫኛው ማሽን አንድ ባንድ አስቀምጣ፣
ዘጠኙም ሲፈርሱ ገና ከግማሽ ላይ፣
«ለጎርፍ አይሆንም» ስትል ጻፈች ከላይ።

በጥር አስጠራኋት፣ ለስላሳ ጋበዝኳት፤
«ረምላዬ፣ ድገሚው» ብቻ ነው ያልኳት።
አላዘዝኩም እኮ! ይህ ምን አለው ጥፋት?
እምቢ አለች። ሌላ ሰው ደገመው፤ ዘጠኙም አለፉ፤
ድንጋዮች በአንድ ሳምንት ጥንካሬ አተረፉ።
እሷ መዝገብ ቤት ገባች፣ አቧራ ልትቆጥር፤
ደብዳቤው ላይ ያለው የኔው ፊርማ ነበር።

ልንወጣ ስንል ግን አንድ ጥያቄ አለች፣
የማርከሩን ክዳን ገጥማ ወደኛ ዞረች፦
«ውሳኔያችሁ ሲወርድ፣ ከታች ማን ይኖራል?»
ማንም አልመለሰም። ማቀዝቀዣው ጠብ ይላል።

ወጣሁ። መሸት ብሏል። ባጃጅ አልያዝኩም፤
እግሬ ወደ ወንዙ ለምን እንደዞረ አላወቅሁም።
ደቻቱ ደርቋል። አሸዋው ነጭ ነው።
ልጆች ኳስ ሲመቱ፣ ጎሉ የኔ ግንብ ነው።
አንዲት ሴት ከሥሩ ሎሚ ትሸጣለች፤
ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ ጨዋታ ጀመረች።
«ይኼ ግንብ ከቆመ እንቅልፍ አገኘን» አለች፤
በመዳፏ፣ እንደ በሬ ጎን፣ መታ መታ አደረገች።

የድሬ ጎርፍ እኮ ከድሬ ሰማይ አይመጣ፤
እዚህ ጠብ ሳይል፣ ኮከብም ሳይታጣ፣
ላይ ደንገጎ ዘንቦ፣ ሌላ አገር ተቆጥቶ፣
ሌሊት በር ሰብሮ ይገባል፣ ተኝቶ
ያለውን ሊቀሰቅስ።
ፊርማም እንደሱ ነው። ጥር ላይ ይዘንባል፣
ነሐሴ ይደርሳል።

ደወልኩ። ሁለቴ ጠራ። ረምላ አነሳች።
«ያ ወረቀት...» ስላት «የቱ?» እንኳን አላለች።
«ሦስት ኮፒ ነበረው። አንዱ እርስዎ ጋ ነው።
አንዱ እናቴ ሳጥን ውስጥ።»
«ሦስተኛውስ?» አልኳት።
                    «እስኪደውሉ ነው
የጠበቅሁት» አለች። «ክረምት መጣ እኮ ነው።»
ስልኩ ተዘጋ፤ እሷ ትዝጋው፣ እኔ፣ እንጃ፤
ልጆቹ «ጎል!» አሉ ከዚያኛው ዳርቻ።

ነገ ሰርተፊኬት አለ፣ ከባነሩ ፊት ፎቶ፤
ቦርሳዬ ይከብዳል፣ ባንዲት ገጽ ተሞልቶ።

«እናቴ» አልኳት ሴትዮዋን። ጉሮሮዬ ደርቋል።
ቀና አለች። ሎሚ የፈለግሁ መስሏታል፤
ካለው ትልልቁን እየመረጠች፣
«ስንት ላድርግልህ፣ ልጄ?» አለች።